ክሬሰንዝ የሚሻገሩበት ጠዋት

«አልረጋም» አሉ ቴዎዱል፣ ቡጢያቸውን ከበረዶው ሳያነሱ። «ዛሬም ውስጡ ውሃ ነው። ክሬሰንዝ አትሻገርም።»

ፊሎሜና አማቷን ቀና ብላ አየቻቸው። ትናንትም ከትናንት በስቲያም ያሉት ይህንኑ ነው። ከኋላቸው የሚስታቸው የክሬሰንዝ ሬሳ ሣጥን በሚጎተት የእንጨት መንሸራተቻ ላይ ታስሯል። ክሬሰንዝ ያረፉት መንገዱ በበረዶ በተዘጋበት ወቅት ነው። እንደ አገሩ ወግ፣ መሻገሪያው እስኪገኝ ቆጥ ላይ፣ ብርዱ ውስጥ አቆይተዋቸዋል።

ቤተ ክርስቲያኑና መቃብሩ ከፊታቸው ካለው ፈፋ ማዶ ናቸው። በፀደይ፣ ፀሐይ በረዶውን ውሃ ስታጠግበው፣ የበረዶ ናዳ በዚያ ፈፋ ይወርዳል። ሌሊቱ ጠርቶ ካደረና በረዶው ከጠጠረ ግን በማለዳ ይታለፋል። ይታለፋል አይታለፍም የሚሉት ቴዎዱል ናቸው፤ ቄሱ እንኳ ከቃላቸው አይወጡም።

ከማዶ የመንሸራተቻውን ገመድ ይዞ ከሰዎች ጋር የቆመው ጎረቤታቸው ሞሪትዝ ጮኸ። «ቴዎዱል! የላላው በረዶው ነው ወይስ ጉልበትህ?»

«ምላስህን ሰብስብና ጠብቅ!»

ፊሎሜና ጓንቷን አውልቃ ተንበረከከች። በረዶ መመርመርን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ጣቷን ልትሰድ ሞከረች፤ አልገባ አላት። ተነሥታ በተረከዟ ደቃችው፤ ምልክት እንኳ አልያዘም።

መጀመሪያ ተናደደች። ስንት ሰው ነፍሱን አምኖ የሚጥልበት ቃል ነው! ወዲያው ከደቡብ ሞቅ ያለ ነፋስ ጉንጯን ዳሰሳትና ንዴቷ ወደ ጭንቀት ተለወጠ። ይህ ነፋስ ከገባ ለሳምንታት ምንም አይረጋም።

«አባባ» አለች ቀስ ብላ፣ «ድንጋይ ነው እኮ።»

ቴዎዱል ፊታቸውን ወደ ሣጥኑ አዞሩ።

«ትናንትም ድንጋይ ነበር፣ አይደል?»

ቴዎዱል ጢማቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። «ማታ ማታ ቆጥ እወጣና የቀኑን ወሬ እነግራታለሁ» አሉ። «ዕድሜዬን ሙሉ በረዶ እንዲረጋ ስማጸን ኖሬ፣ ዘንድሮ መርጋቱን ጠላሁት፣ ልጄ።»

ፊሎሜና አጠገባቸው ተቀመጠችና የቀዘቀዘ እጃቸውን በሁለት እጇ ያዘች።

«ነፋሱ መጥቷል፣ አባባ። ቆጡ ከእንግዲህ አያቆያቸውም።»

«ዐውቃለሁ።» በአገጫቸው ወደ ማዶ አመለከቱ። «አንቺ ንገሪያቸው። የኔ አፍ እምቢ አለኝ።»

ፊሎሜና ተነሣች። በረዶን አይታ ለሰው ቃል ሰጥታ አታውቅም። «ረግቷል!» ብላ ጮኸች፤ ድምፅዋ መሐል ላይ ተሰበረ። «ሳቡ!»

ከማዶ ያሉት ሁሉ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ናዳ ቢመጣ ሰው እንዳይወስድ ሣጥኑ ፈፋውን የሚሻገረው ብቻውን፣ በገመድ ተስቦ ነው። ገመዱ ተወጠረ። መንሸራተቻው ግን አልተነቃነቀም፤ እግሮቹ ከበረዶው ጋር ተጣብቀዋል። ሞሪትዝና ሰዎቹ ደግመው ሳቡ፤ እምቢ አለ። ፊሎሜና ልትረዳ ስትራመድ ቴዎዱል በእጃቸው ከለከሏት።

ወደ መንሸራተቻው ኋላ ዞሩ። ሁለት መዳፋቸውን ሣጥኑ ላይ፣ ግንባራቸውን በመዳፋቸው መካከል አሳረፉ። ከዚያ ራሳቸው ገፉት።