ከባታ ጀምሮ

እናትየው ጣቷን ከወረቀቱ ላይ አላነሳችም። ለማርገዝ የሚመቹት ቀኖች የተጻፉበት ይህ ወረቀት ከጤና ኬላ ከመጣ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። በልጇ ቤት ማንበብ የሚችል ስላልነበረ ከጠበሉ ጠርሙስ ሥር ተቀምጦ ኖረ። እናትየው ግን ዘንድሮ የጎልማሶች ትምህርት ገብታ ፊደል ለየች። "ደም... ከታየበት... የመጀመሪያ ቀን... ጀምሮ... ይቆጠራል" አለች። መልሳም አነበበችው።

ልጇ ምስር መልቀሟን አቆመች። "እኛስ ከየት ነው ስንቆጥር የኖርነው?"

"ቤተ ክርስቲያን ከምትገቢበት ቀን። ሰባቱ ቀን አልፎ ከነጻሽ ወዲህ ቁጠሪ ያልኩሽ እኔ ነኝ።"

ልጅቷ የምስሩን ሰፌድ ወደ ጎን አደረገች። አማቶቿ እስከ ፋሲካ ካላረገዘች ወደ እናቷ ትመለስ ብለው ቆርጠዋል። እናትየው በጣቶቿ መቁጠር ጀመረች። የልጇ ደም የታየው ለባታ፣ ወሩ በገባ በሦስተኛው ቀን ነበር። ወረቀቱ፣ ያኔ በቃል እንደተነገራቸው ሁሉ፣ ከአሥረኛው እስከ አሥራ አራተኛው ቀን ይላል። ከባታ ጀምሮ ሲቆጠር አሥራ ሁለተኛው ቀን ዛሬ ነበር። ከቤት ርቆ ሳንቃ በር ላይ ፓርክ የሚጠብቀው የልጅቷ ባል ግን በድሮው ቆጠራ ፈቃድ የጠየቀው ለጊዮርጊስ፣ ወሩ ሃያ ሦስት ሲል ነው።

ልጅቷ ስልኳን አንስታ ደወለችለት። "ዛሬውኑ ና" አለችው።

"ለጊዮርጊስ አላልሽም ነበር?"

"ዛሬ ነው።"

"ምን ተገኘ?"

ልጅቷ ወደ ወረቀቱ ዞር አለች። የእናቷ ጣት "የመጀመሪያ" ከሚለው ቃል ላይ እንደቆመ ነበር።

"እማዬ ማንበብ ቻለች" አለችው።