አንድ ለሰባት

ሰባተኛውን ሊትር ውሃ ባልዲው ውስጥ ገልብጬ ጆጉን አስቀመጥኩ።

«ሁለት ይቀርሻል» አሉ አቶ ይሕደጎ፣ የላቦራቶሪያችን ኃላፊ፣ በሩን ተደግፈው።

«አይቀረኝም።»

ጣታቸውን ወደ ግድግዳው ቀሰሩ። የተለጠፈውን ወረቀት በዚህ ሙያ ያለ ሁሉ እንደ አቡነ ዘበሰማያት በቃሉ ይወጣዋል፤ አንድ በረኪና፣ ዘጠኝ ውሃ።

«እሱ ለአምስት ፐርሰንቱ በረኪና ነው። ትናንት የገባው ግን አራት ነው፣ ጠርሙሱን ያንብቡት። የምንፈልገው ግማሽ ፐርሰንት። አራት ለግማሽ ሲካፈል ስምንት። ከስምንቱ አንዱ ራሱ በረኪናው ነው፤ ሰባት ውሃ ቀረ።»

«እመቤት ኬሚስት! የት ነው የተመረቅሽው?»

«ወሎ ሰፈር፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ።»

ማይክሮስኮፑ ላይ ያቀረቀረችው የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ሪሀና ሳቋን ዋጠች። የኮሌጅ ደብተሯን ተውሼ አንብቤ የጨረስኩት እዚያ ሰልፍ ላይ ቆሜ እንደሆነ ታውቃለች።

ደም የነካቸውን ቱቦዎች ከዚህ ባልዲ እያወጣሁ የማጥበው እኔ ነኝ። በረኪናው ከቀጠነ፣ ያልሞተው ጀርም የሚያገኘው የእኔን እጅ ነው እንጂ የግድግዳውን ወረቀት አይደለም።

አቶ ይሕደጎ ከጋዋናቸው ኪስ የቅጥር ወረቀቴን አወጡ። የሦስት ወር ሙከራዬ ዛሬ ያልቃል፤ የጎደለው የእሳቸው ፊርማ ብቻ ነው።

«የጽዳት ሠራተኛ የታዘዘችውን ትሠራለች። ዘጠኝ አድርጊውና ልፈርም።»

«እንግዲያው አይፈርሙ።»

ጆጉን አፈፍ አድርገው ከቧንቧው ሁለት ሊትር ቀዱና ባልዲዬ ውስጥ ደፉት። «ይኸው! ዘጠኝ።»

የመለኪያ ሲሊንደሩን ጠረጴዛው ላይ አቆምኩ፣ ጎንበስ ብዬ ዓይኔን ከመስመሩ አስተካከልኩና በረኪናውን ቀዳሁ፤ ሁለት መቶ ሰማንያ ስድስት ሚሊ ሊትር። ጨመርኩት።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ለሁለቱ ሊትር ውሃዎ የሚገባው በረኪና። ሁለትን ለሰባት ያካፍሉት። ሌላም ቢጨምሩ እኔም እጨምራለሁ። ባልዲው ይሞላል እንጂ አይቀጥንም።»

ስልካቸውን አወጡ። አውራ ጣታቸው ቁጥሮቹን ነካካ፣ ቆመ፣ ከመጀመሪያው ጀመረ። ከዚያ ስልኩን ኪሳቸው ከተቱት፤ ወረቀቴንም ሳይፈርሙ አብረው።

ሪሀና ከማይክሮስኮፑ ቀና ብላለች።

ባልዲው ላይ የሚለጠፈውን ነጭ ፕላስተር ቀደድኩ። ቀኑን ጻፍኩ፣ መጠኑን ጻፍኩ። «ያዘጋጀው» ከሚለው ፊት እስከ ዛሬ የሚገባው የእሳቸው ስም ነበር፤ እኔ እበጠብጣለሁ፣ እሳቸው ይጻፋሉ።

እያዩኝ የራሴን ጻፍኩ፤ ጋዲሴ ዳጪ። ፕላስተሩ እርጥብ ስለነበር ማርከሩ ተንሸራተተብኝ፤ የአባቴን ስም ደግሜ አደመቅኩት።