የፕሮፌሰሩ ቀልድ

ከሃያ ዓመት በፊት አንዲት ባላገር ሴት ኤምአርአይ ክፍሉ ደጃፍ ላይ ከሲስተር ውዴነሽ ጋር ስትነጋገር ፕሮፌሰሩ እግረ መንገዳቸውን ሰምተዋል። የነገሩን መጨረሻ ሳይሰሙ አልፈዋል፤ «መስቀሌን ከማወልቅ በሽታዬ ይግደለኝ» ማለቷ ግን አልጠፋቸውም። መሣሪያው የጭንቅላትን ምስል ቶሎ እንዲያነሣ ያደረገው ዘዴያቸው በተሸለመ ቁጥር ይህንኑ ያወራሉ፤ አዳራሹም ይስቃል።

ዛሬ እሳቸው በተራቸው ለምርመራ መጡ፤ ጭንቅላታቸው ውስጥ ዕጢ ተጠርጥሯል። ሲስተር ውዴነሽ በፕሮፌሰሩ በራሳቸው ፊርማ በሩ ላይ የተለጠፈውን አሳየቻቸው፦ ብረት ነክ ነገር ይዞ መግባት ለማንም አይፈቀድም።

«ሰዓቴን አውልቄያለሁ» አሉ።

«አንገትዎ ላይ ያለውስ?»

እጃቸው ወደ ደረታቸው ሄደ። «ይኼ የእናቴ መስቀል ነው። ከብር የተሠራ ነው፤ ማግኔት ብርን አይስብም።»

«ሴትዮዋም ከብር ነው ብላኝ ነበር። ‹ለማንም› ብለው የጻፉት እርስዎ ነዎት።»

«እሷስ ምስሉን ሳትነሣ ሄደች።»

«የሄደችው በእርስዎ ወሬ ውስጥ ብቻ ነው። እኔ የእንጨት መስቀል አስሬላት፣ ገብታ ተነሥታለች።»

ፕሮፌሰሩ የእናታቸውን መስቀል አወለቁ። ከዚያ «የእንጨቱ ዛሬም አለሽ፣ እህቴ?» አሉ።

ከመሳቢያዋ አወጣችው፤ ክሩን ግን አለቀቀችም። «በሚቀጥለው ሽልማት መጨረሻውንም ያወራሉ?»

«አወራለሁ» አሉና አንገታቸውን ዝቅ አደረጉላት።