ሰላዮች በልብስ ሰፊዋ ቤት

ልብስ ሰፊዋ ቤቷን ለፊልም ሰዎች የከፈተችው የወንድሟ ልጅ እግሯ ላይ ወድቆ ስለለመናት ነው። ዳይሬክተር ሆኛለሁ ይላል። የግድያ ፊልም ሊሠራ ነው አሉ። መጀመሪያ ግን ትሬለር የሚሉትን አጭር ቁራጭ፣ ሰው አይቶ ሙሉውን እንዲጎመጅ የሚለቀቀውን፣ እዚሁ እሷ ቤት ሊያነሳ ነው።

«እኔስ? እኔ ምን ሆኜ ነው የምሠራው?» አለችው።

«አክስቴ፣ አንቺ ትወና አይሆንልሽም። ደስ ቢልሽም ቢከፋሽም ፊትሽ ያው አንድ ነው።»

«የአባትህን ፊት አላየህማ!» አለችና ጀርባዋን ሰጠችው።

ከዚያ ወዲያ ወንበሯን ኮሪደሩ ጫፍ ላይ አስቀምጣ ወጪ ገቢውን ስትከታተል ትውላለች። የምትጠብቀው ሟች ባሏ ትቶላት የሄደውን ቤት አይደለም፤ ስሟን ነው። በዚያ ሰፈር የሰው አፍ ገብታ ያልታኘከች እሷ ብቻ ናት፤ ይህንንም ለጠየቃትም ላልጠየቃትም ስትናገር ኖራለች። አሁን ታዲያ የወንድሟ ልጅ ሌባ ሰብስቦ ቤቷ አስገባ ቢባል ፊቷን የት ታስገባለች?

ነገራቸው ደግሞ አላማራትም። ተዋናይዋ ሳሎን ውስጥ እዬዬ ስትል ካሜራማኑ እሷን ትቶ የመኝታ ቤቱን ቁልፍ ቀዳዳ ያነሳል። አፍንጫውን ሊሰነቅርበት ምንም አልቀረው።

«አንተ ልጅ፣ ቁልፌ ደግሞ ምን አደረገህ?»

«ከቅርብ ሲነሳ ያስፈራል፣ እማማ።»

«እኔም ከቅርብ አስፈራለሁ፤ ዞር በልልኝ!»

በማግስቱ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ የቀሚስ ጠርዝ ስትሰፋ ቀና ብትል፣ ያ የካሜራ ዓይን ከግቢው በመስታወቱ በኩል አፍጥጦባታል። ከሰዓት በኋላ መሰላል አምጥተው ጓሮውን ከላይ አነሱት። ቀጥሎ ካሜራማኑ በደረቱ ተኝቶ ኮሪደሩን ከወለሉ ላይ ሆኖ አነሳው። ቤቱን ከላይ ከታች፣ ከፊት ከኋላ አጠኑት።

«ይሄ ፊልም አይደለም» አለች በሆዷ። «ይሄ የሌባ ጥናት ነው።»

ከዚያ በኋላማ እንቅልፍም አልወሰዳት። ወርቋን በመሃረብ ቋጥራ ጎረቤት አሸሸች። በሩን ገርበብ አድርጋ በአንድ ዓይኗ ታያቸዋለች። ጫማዋን አውልቃ እግር በእግር ትከተላቸዋለች፤ መቀሷን እንኳ ከእጇ ለማስቀመጥ ፋታ አላገኘችም። ስትደርስባቸው ጸጥ ይላሉ። ስትርቅ ይንሾካሾካሉ።

አንድ ቀን ሳታንኳኳ መመገቢያ ክፍሉ ውስጥ ብትገባባቸው፣ የወንድሟ ልጅና የተነሳውን ፊልም ቆራርጣ የምትቀጥለዋ ልጅ ኮምፒውተሩ ላይ ተደፍተዋል። ልጅቷ ኮምፒውተሩን ጥርቅም አድርጋ ከደነችው።

«ምን ትደብቂያለሽ አንቺ?»

«ኧረ ምንም እማማ፤ ገና ስላላለቀ ነው።» ልታባብላት ፈልጋ ሌላ ነገር ከፈተችላት። አንድ ተዋናይ ፈገግ ይላል፤ ቀጥሎ ሕፃን ይመጣል። ደግ አባት። ያው ሰውዬ እንደገና ፈገግ ይላል፤ ቀጥሎ ቢላዋ ይመጣል። ሰይጣን።

«ሰውዬው ያው ነው?»

«ያው ነው፣ እማማ። ፊቱን አልነካሁትም።»

«እንግዲህ ይሄም ሙያ ተብሎ!» አለችና ወጣች። ዓይን አታሎ የሚበላ እጁን ከሰው ዕቃ ይሰበስባል ብላ አልጠበቀችም። በቀጥታ የሄደችው ጎረቤቷ ከሆነው ጡረተኛ ፖሊስ ዘንድ ነው።

«ማስረጃ አለሽ?» አላት።

«ዓይኔ ምን ሆነና?»

«ዓይን ብቻውን አይበቃም እኮ።»

«እንግዲያው ቅዳሜ ና! ትሬለሩን ለሰፈሩ ሰው አሳያለሁ ብሏል፣ እኔው ሳሎን ውስጥ። ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ ሲያይ አንዳቸው ሹልክ ብሎ ጓዳ ይገባል። ያኔ ማጅራቱን ትይዝልኛለህ።»

ፖሊሱ ጡረታ ከወጣ ጀምሮ የሚይዘው ማጅራት አጥቶ ሲያዛጋ የከረመ ሰው ነው። ቅዳሜ ከሁሉም ቀድሞ ኮቱን አስተኩሶ መጣ።

መጋረጃው ተዘጋ። ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ተወጠረ። ሰፈርተኛው ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ተቀመጠ። ልብስ ሰፊዋና ፖሊሱ አንድም ሰው እንዳያመልጣቸው ከኋላ፣ በሩ ሥር ሆኑ። አንሶላው ላይ ብርሃኑ ሲበራ እሷ ዞር ብላም አላየችው። ዓይኗ የወንድሟ ልጅ ላይ ነው።

«ያውልህ፣ እጁን ሲያፍተለትል» አለች በሹክሹክታ። «ንጹሕ ሰው እንዲህ ይሆናል?»

ፖሊሱ ዓይኑን ከአንሶላው አልነቀለም።

ከፊት አንዷ ሴት «ውይ!» አለች። ልብስ ሰፊዋ ሌባው ገባ ብላ ወደ ጓዳው በር ዞረች። ማንም የለም። ስትመለስ «ውይ» ያለችው ሴት ወደ ኋላ ዞራ እያየቻት ነው፤ ዓይን ለዓይን ሲጋጩ ቶሎ አንገቷን ቀበረች። ቀጥሎ የሴትዮዋ ባል ዞረ። ቀጥሎ ሌላ ሰው።

ያኔ ነው አንሶላውን ያየችው። ገርበብ ካለ በር ኋላ ትሪ የሚያህል ዓይን ያያል። ባዶ እግር ድምፅ ሳያሰማ ኮሪደሩን ያቋርጣል። መቀስ የጨበጠ እጅ ያልፋል። ተዋናይዋ ትጮኻለች፤ ትወድቃለች። ከዚያ ጸጥታ። በመስኮቱ መስታወት ውስጥ ልብስ የምትሰፋ ሴት ቀስ ብላ ቀና ትላለች፤ ፊቷ አንድም ነገር አይናገርም።

አንሶላው ጠቆረ። የወንድሟ ልጅ ብቻውን አጨበጨበ።

ፖሊሱ ወንበሩን ከአጠገቧ ትንሽ ፈቀቅ አደረገና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ለመሆኑ» አላት፣ «ነፍሱን ይማረውና፣ ባልሽ በምን ነበር የሞተው?»