በገና ጠዋት ዳማን ማን መረዛት?

«እርስዎ ነዎት! እርስዎ ነዎት የመረዟት!»

ሮሐ ጋሽ ሳቢት ሱቅ በር ላይ ቆማ ትጮኻለች... ውሻዋን ዳማን እንደ ሕፃን ታቅፋለች... ነጠላዋ ትውከት በትውከት ሆኗል።

ቀኑ የገና በዓል ነው። ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ ያለው ሰፈር ሰው ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ፣ ፆሙን ፈትቶ በዓሉን እያከበረ ነበር። ጩኸቱን ሲሰማ ግልብጥ ብሎ ወጣ።

ዳማ ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል... ዓይኗን መግለጥ አቅቷታል...

ሮሐ እናቷ ካረፉ ወዲህ ብቻዋን ናት። ማታ በር ስትከፍት የሚቀበላት ዳማ ብቻ ናት።

«ለበዓል እሷስ ለምን አጥንት ብቻ ይወረወርላታል?» ብላ የገና ዋዜማን ሙሉ ቀን የውሻ ብስኩት ስትጋግር ዋለች። ዱባ... አጃ... ካሮት... እንቁላል። ጨው የለ፣ ቅቤ የለ፣ ስኳር የለ።

ጠዋት ለዳማ ሰጠቻት። የቀረውን በቀይ ሪባን አስራ ውሻ ላላቸው አምስት ጎረቤቶች አደለች።

ከዚያ በመስኮት ስታይ... ጋሽ ሳቢት ግራ ቀኝ ተገላምጠው፣ ከጥቁር ፌስታል የሆነ ነገር አውጥተው በበሩ ስር ለዳማ ሲወረውሩላት!

ጋሽ ሳቢት እኮ ዳማ ሱቃቸው ደጃፍ ስትደርስ መጥረጊያ አንስተው «ሂጂ! እንዳትነኪኝ፣ ልሰግድ ነው!» የሚሉ ሰው ናቸው። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ዳማ ማስመለስ ጀመረች...

«ምን አደረገችዎት? ይንገሩኝ! ምን አደረገችዎት?»

ሰው ሁሉ ጋሽ ሳቢትን አየ። የሚቆጡ መስሎት ነበር።

«ልጄ፣ እኔን በኋላ ትከሺኛለሽ» አሉ። «መኪናው ክፍት ነው። ግቢ!»

ሮሐ መራመድ አቃታት።

ይሄኔ ሽማግሌው እጃቸውን ዘረጉ... ነጭ ጀለቢያ እንደለበሱ ዳማን ተቀብለው ደረታቸው ላይ አቀፏት። ከመስጊዱ አዛን ይሰማ ነበር።

በመንገድ ላይ ሮሐ ዳማን ጭኗ ላይ አስተኝታ ጋሽ ሳቢትን ከጎን ከጎን ታያለች። «ለምን ይረዱኛል? የሠሩትን ሊደብቁ ይሆን? ወዴት እየወሰዱኝ ነው?» ትላለች በልቧ... እጇ የዳማ ደረት ላይ ነው። ትንፋሿ ይቆማል... ደግሞ ይመጣል... ይቆማል...

ጋሽ ሳቢት በአንድ እጃቸው እየነዱ ስልክ ደወሉ። «ዶክተር፣ በዓል መሆኑን አውቃለሁ... ስለ አላህ ብለህ ክፈትልን!»

አዲሱ ገበያ ሲደርሱ የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ዋቅጋሪ የክሊኒኩን በር ከፍቶ ቆሟል።

«ምን በላች?»

«እሳቸውን ጠይቃቸው!» አለች ሮሐ።

ጋሽ ሳቢት አንገታቸውን ደፉ። «ዳቦ ነው... ሱቅ የተረፈኝን ዳቦ በየቀኑ እሰጣታለሁ። ሰው ሲያየኝ አፍራለሁ፤ ለዚያ ነው ተደብቄ...»

«ውሸት ነው!»

ዶክተሩ ዳማ እዚያው ያስመለሰችውን በጓንት ገለጥ ገለጥ አደረገና ቀና አለ።

«ይሄ ጥቁር ፍሬ ምንድን ነው?»

ሮሐ ጎንበስ ብላ አየች...

«ዘ... ዘቢብ ነው። እኔ... ብስኩቱ ውስጥ... ስኳር እንዳይጎዳት ብዬ በስኳር ፈንታ...»

«እህቴ፣ ዘቢብ ለውሻ መርዝ ነው። ኩላሊቷን ነው የሚመታው። ትንሹም ሊገድል ይችላል።»

ሮሐ ከዚያ የባሰ ነገር ትዝ አላት።

«አምስት ቤት! ጋሽ ሳቢት፣ አምስት ቤት አድያለሁ!»

ስልኳ ቤት ቀርቷል። የማንንም ቁጥር በቃሏ አታውቅም።

ጋሽ ሳቢት ግን የደንበኞቻቸው ሁሉ ቁጥር ስልካቸው ላይ አለ። «ሀሎ ዓለሜ! ሮሐ የሰጠችሽን ብስኩት ለውሻሽ እንዳትሰጪ! በቃ ጣይው!... ሀሎ ሊሚ!...»

አራቱ አነሱ፤ ማንም ገና ለውሻው አልሰጠም። አምስተኛው፣ አቶ ዓምሃ፣ አያነሱም።

አቶ ዓምሃ ዓይናቸው የደከመ ጡረተኛ ናቸው። ያለ ውሻቸው ከቤት አይወጡም።

ጋሽ ሳቢት ቁልፋቸውን ይዘው ሮጡ።

ሮሐ ዳማ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ዶክተሩ ጉሉኮስ ይሰካል... እሷ በሩን ታያለች። ሃያ ደቂቃ... ሠላሳ ደቂቃ... «ገደልኩባቸው» ትላለች ደጋግማ። «በገዛ እጄ ገደልኩባቸው...»

የዶክተሩ ስልክ ጮኸ። የጋሽ ሳቢት ድምፅ ነው፣ ቁና ቁና ይተነፍሳሉ።

«ሪባኑን ፈትተው አንዱን በእጃቸው ይዘውት ነበር... ደርሻለሁ። አልሐምዱሊላህ፣ ደርሻለሁ!»

ሮሐ ያኔ ነው እንባዋ የመጣው።

ዳማ አራት ቀን ሙሉ ጉሉኮስ ላይ ቆየች። የሚቀጥለውን ሰዓት የምታይ አትመስልም ነበር። በአምስተኛው ቀን ሮሐ ስትገባ ጭራዋን አንዴ ነቅነቅ አደረገች።

ከክሊኒክ እንደወጡ ሮሐ ቀጥታ ሱቁ ሄደች። ሰው ዳቦ ሊገዛ ተሰልፏል። ሰልፈኛው እያያት ጋሽ ሳቢት እግር ላይ ወደቀች።

«ጋሽ ሳቢት፣ በሰው ፊት ነው ያዋረድኩዎት። በሰው ፊት ይቅር ይበሉኝ።»

«ተነሺ ልጄ» አሉ ክንዷን ይዘው። «እኔም ጥፋት አለብኝ። ደግ ነገር እንደ ሌባ ተደብቄ ባልሠራ ኖሮ አትጠረጥሪኝም ነበር።»

ወገኖቼ... ሮሐ የጋገረችው በፍቅር ነው፤ ግን ሐኪም አልጠየቀችም። የጮኸችው ከፍርሃት ነው፤ ግን ሰውየውን አልጠየቀችም። ሁለቱንም ጊዜ አንድ ጥያቄ ይበቃት ነበር።

ለኛ ጤና የሆነ ሁሉ ለእንስሳት ጤና አይደለም። በመጥረጊያ የሚያባርር ሁሉም ጨካኝ አይደለም።

እስቲ እውነቱን እንነጋገር... እናንተ በጋሽ ሳቢት ቦታ ብትሆኑ፣ ሰፈር ፊት «እርስዎ ነዎት የመረዟት» ያለቻችሁን ሰው መኪናችሁ ላይ ትጭኗት ነበር? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፣ አነባለሁ።