ሲስተሙ ነው የወሰነው

የካልሲ ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ አቶ ደስይበለው ሰው ማባረር የማይሆንላቸው ሩኅሩኅ ሰው ነበሩ። ፋብሪካው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ገዛ ከተባለ ወዲህ ግን የሚያባርረው ሲስተሙ ሆነ። ማሽኖቹን ይቆጣጠራል፣ የሠራተኛውን ፍጥነት ይለካል፣ የማያስፈልገውን ሰው ለይቶ ያወጣል ተባለ። ደግነቱ፣ ከአቶ ደስይበለው የሚስት ወንድሞች አንዱንም የማያስፈልግ ሆኖ አላገኘውም።

ዛሬ ተራው የትርንጎ ነበር። ባለፈው ስብሰባ ላይ ተነስታ፣ «ብናኙ ሳንባችንን ጨረሰው፤ የአፍ መሸፈኛ ይሰጠን» ያለችው እሷ ነበረች።

«እኔማ እንደ እህቴ ነው የማይሽ» አሏት አቶ ደስይበለው፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። «ግን ምን ላድርግ? ሲስተሙ ነው የወሰነው።»

«እባክዎ፣ ልጆች አሏት ብለው ይንገሩልኝ።»

«ምን ዋጋ አለው? እሱ እንደኛ አንጀት የለውም። ልመና አይገባውም።»

ሰውየው እንዲያ ሲጨነቁ ስታይ አሳዘኗት። «አይዞዎት ጋሼ፣ የእርስዎ ጥፋት አይደለም» ብላ እሷው አጽናናቻቸው። ከዚያ ሽርጧን በፌስታል ይዛ፣ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ወጣች።

በሩ ላይ ሁለት ወጣቶች ከመኪና ካርቶን እያወረዱ ከዘበኛው ጋር ያወራሉ።

«ሥራ አስኪያጁ አሉ? ዕቃው መንገድ ላይ ዘግይቶብን ነው እንጂ ቀደም ብለን መምጣት ነበረብን። ሲስተሙን ልንገጥምላቸው ነው።»

ትርንጎ አንዱን ካርቶን ብድግ አደረገች።

«ኑ» አለቻቸው፣ «ቢሮውን እኔ ላሳያችሁ።»