ብረት ብረት የሚል ወጥ

ሽሮው ምላሱ ላይ ሲያርፍ ባልየውን ዝገት የላሰ ያህል አንገሸገሸው። ጉርሻውን እጁ ላይ ተፍቶ ሳህኑን ወደ ሚስቱ ገፋው።

«ትርንጎ፣ ድስት አታጥቢም እንዴ? ሳምንቱን ሙሉ ምግብሽ ብረት ብረት ይላል፤ ሊያስመልሰኝ ነው።»

ጠላ ልትቀዳለት ስትነሳ «ጨጓራዬን አሞኛል» ብሎ ከለከላት። ከጤና ጣቢያ የተሰጠውን ኪኒን እስኪጨርስ መጠጥ እንዳይቀምስ ተነግሮታል፤ ደብቆ የሚውጠውም የአባላዘር በሽታው ከየት እንደመጣበት ስለሚያውቅ ነው።

ትርንጎ ለራሷም አልቀዳችም። ከመቀነቷ የእሱኑ ዓይነት ኪኒን አውጥታ ሳህኑ አጠገብ አስቀመጠች።

«ድስቴ ንጹሕ ነው። ብረት ብረት የሚለው ይኼ ነው፤ እኔንም ከሰኞ ጀምሮ ውሃው ሳይቀር አስጠልቶኛል» አለች። «ነርሷ ‹ከባልሽ ጋር አብራችሁ ካልዋጣችሁ ተመልሶ ይመጣል› ብላኛለች። አንተስ፣ ከማን ጋር እየዋጥክ ነው?»